ለወርቅ ኢዮቤልዩ የተመረጠ ባህር

ስልኩ የተደወለው በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. አንድ እሁድ ቀን ነው። ቨርጂኒያ ረፋድ፣ ስቶክሆልም ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባና ዱባይ ደግሞ ወደ ማምሻው ነበር። በአራት አገር የተበተኑ እህትና ወንድሞች በአንድ መስመር ላይ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሰው ሲሞት ወይ ሰው ሲታመም ነውና፣ የቨርጂኒያዋ ታላቅ እህት ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ማንም አልሞተም፣ ሁሉም ደኅና ነው» ብላ ነገሯን ጀመረች።

ነገሩ የወላጆቻቸው ጋብቻ ነበር። አባትና እናት የተጋቡት ጥር 18 ቀን 1967 ዓ.ም. እሁድ ነው። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. 50 ዓመት ይሞላል፤ ዕለቱም እንደገና እሁድ ይውላል። ታላቂቱ ይህን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ስታገኝ ከላይ የታዘዘ ነገር መሰላት። ጥምቀት ያለፈበት፣ ነነዌም ሆነ ሁዳዴ ያልገባበት፣ በጾም በኩል እንኳ እንከን የማይወጣለት ቀን ነው።

«ባህር ዳር እናክብርላቸው፤ ደኅና ሪዞርት ውስጥ» አለች።

«ባህር ዳር? ጣና ማለትሽ ነው?» አለ የአዲስ አበባው ታናሽ ወንድም።

«ከተማዋን አላልኩም። እውነተኛውን ባህር ነው የምልህ!»

ሳቅ ሆነ። ነገር ግን እውነተኛው ባህር የሚለው ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ቀላል ቃል አይደለም። ታሪኩን አራቱም በየዓመት በዓሉ ሲነገር ሰምተው ያደጉበት ነው።

አባት ያን ጊዜ የቴሌኮሙኒኬሽን ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። አስመራ የሚኖሩ አጎታቸው ሙሽሮቹን በእንግድነት ሊቀበሉ፣ ከዚያም በባቡር ወደ ምጽዋ ሊልኳቸው ተዘጋጅተው ነበር። ባቡሩ ከአስመራ ደጋ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል እየተጠማዘዘ ቀይ ባህር አፋፍ ላይ የሚያወርድ ነው። እናት ለፀሐዩ ብለው ከፒያሳ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ገዝተዋል። ሠርጉ እሁድ ሆነ፣ መልሱም ተበላ፤ ጉዞው ለሰኞ ተቆርጦ ሳለ ጥር 23 ቀን ዓርብ ማታ አስመራ ከተማ ውስጥ ውጊያ ተነሳ። ሙሽሮቹ ቀሩ። ጫጉላው በእነ ባርኔጣው ላንጋኖ ላይ ሆነ፤ ቡናማው ውሃ ዳር፣ በቀለ ሞላ ሆቴል። እናት «ምን ጎደለብን?» ይላሉ ሁልጊዜ። አባት ግን «ላንጋኖ ሐይቅ ነው፤ ባህሩ ዕዳ ሆኖ ቀርቶብኛል» ማለታቸውን 50 ዓመት ሙሉ አልተዉም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ሆና ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ስትሆን፣ ሌላው ሰው ስለ ወደብና ስለ ታሪክ ሲከራከር እሳቸው ዝም ብለው ወደ ሚስታቸው አዩ ይባላል።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከስንት ዘመን በኋላ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ አስመራ ሲያርፍ፣ አባት ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሱም። በሳምንቱ የትኬቱን ዋጋ ጠይቀው መመለሳቸውን የሚያውቀው ታናሹ ልጅ ብቻ ነው። ከዚያ የጤና ጉዳይ መጣ፣ ቀጥሎ ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ መጣ። በረራውም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እንደገና ተቋረጠ። ምጽዋ ለሁለተኛ ጊዜ አመለጠቻቸው።

እንግዲህ ታላቂቱ ልጅ ባህር ስትል ይህንን ዕዳ መክፈሏ ነበር። የሚበዛባትም አልነበረም። 22 ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሁለት ሥራ ሠርታ፣ ነርስነት ተምራ፣ ቤት ገዝታ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። በስልኩም ላይ ያቀረበችው የሜክሲኮዋን ካንኩንን ነው። ለሥራ ባልደረባዋ ሠርግ ሄዳ አይታዋለች፤ ሲገቡ እጅ ላይ የፕላስቲክ አምባር ያስሩና ከዚያ በኋላ መብሉም መጠጡም ሳይቆጠር ከጠዋት እስከ ሌሊት ነው። ፎቶግራፎቹን ላከች፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ባንድ ጥላ ሥር ሁለት ወንበር። እናትና አባቷን በእነዚያ ወንበሮች ላይ ካስቀመጠቻቸው ቆይታለች።

ካንኩን የወደቀችው በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ሜክሲኮ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ትጠይቃለች፤ የፀና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ግን በዚያው ይገባል። ወላጆቹ ሁለቱም የላቸውም። ከዚህ በፊት ልጃቸውን ለመጠየቅ ብለው ለቪዛ ሁለት ጊዜ ቀርበው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ አባት ሦስተኛ አልቆምም ብለው ምለዋል።

ቀጥሎ ማልዲቭስ ተነሳች። ማልዲቭስ ያን ጊዜ ለማንኛውም አገር ዜጋ ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ ትሰጥ ስለነበር የቨርጂኒያዋ «አበቃ፣ ተገኘ» ብላ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሪዞርት ለብቻው ደሴት ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወይ በፈጣን ጀልባ ወይ ውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ይኬዳል። እናት ይህ ሲነገራቸው ጉልበታቸውን ይዘው «ከአውሮፕላን ወርጄ ደግሞ ውሃ ላይ የሚቀመጥ አውሮፕላን? እኔ ዳክዬ ነኝ እንዴ?» አሉ። ዋጋውም ቢሆን የሚያስቅ አልነበረም።

ያኔ ነው የአዲስ አበባው ልጅ ቀስ ብሎ አገር ቤትን ያነሳው። ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ አለ፣ ሐዋሳ ኃይሌ ሪዞርት አለ፣ ላንጋኖም ዛሬ የድሮው ላንጋኖ አይደለም። ዘመድ ይጠራል፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ ሚዜዎቹ ሁሉ አልሞቱም። እውነትም ነበረው። የ50 ዓመት ጋብቻ ምስክሮቹ ያሉት እዚያው ነው። አባት «ባለፈው ጊዜም ላንጋኖ ነበርን» ብለው ቢቀልዱም፣ እናት ልባቸው ወደዚያ ማዘንበሉን የሚያውቅ ያውቃል።

አሁን ስለ ስቶክሆልሙ ልጅ መናገር ግድ ነው። በ2006 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወጥቶ፣ ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ፣ በጀልባ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ስዊድን የገባ ልጅ ነው። ማመልከቻው ስንት ጊዜ ወድቆ ተነስቶ፣ ከዓመታት በኋላ ነው ወረቀት ያገኘው። የያዘው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ለሁሉም አገር ያገለግላል፤ ከአንድ አገር በስተቀር። ያች አንዷ የትኛዋ እንደሆነች ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እናቱን ካየ 10 ዓመት ሆኖታል።

በስልኩ ላይ «እናንተ አገር ቤት አክብሩ፤ እኔ በቪዲዮ እገባለሁ» አለ። ድምፁ ውስጥ ምንም ቅሬታ አልነበረም፤ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው። የቨርጂኒያዋ ተቆጣች፣ የአዲስ አበባውም ተቆጣ። እሱ «አሥራ ምናምን ሰው በዶላር ለምን ይሰደዳል?» አለ፣ እሷ «አንተ በየቀኑ ስለምታያቸው ነው» አለች። ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም። ነገሩን የቆረጡት እናት ናቸው። ለታናሹ ልጃቸው ቡና እያፈሉ እንዲህ አሉ፦ «እሱ የሌለበት ድግስ ለእኔ ተዝካር ነው። እሱ የሚገባበትን አገር ፈልጉ፤ ባህሩ ቢኖረውም ባይኖረውም።»

ፍለጋው እንግዲህ ተገለበጠ። ከሥዕሉ ተነስቶ ወደ ወረቀቱ ይሄድ የነበረው፣ ከወረቀቱ ተነስቶ ወደ ባህሩ ሆነ። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለሌላው መንገደኛ ያወጣችው አስቀድሞ የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድም በኮምፒውተር ይጠየቃል፤ የስደተኛ ሰነድ የያዘ ሰው ግን ቀደም ብሎ ማመልከትና መልሱን በእጁ ይዞ መጓዝ አለበት። አመለከተ፤ በኅዳር ወር ተፈቀደለት። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አለ። ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዲያኒ የሚባል የነጭ አሸዋ ዳርቻ አለ። ሕንድ ውቅያኖስ። በጥር ወር ዝናብ አይበዛበትም፤ ነፋሱ ካስካዚ ይባላል፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ ነው። በዛፎቹ ላይ ደግሞ ጉሬዛ ይዘላል።

ሆቴሉን ለመምረጥ ግን የረዳቻቸው ማንም ያላሰባት ሰው ናት። የዱባይዋ ሦስተኛ ልጅ ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ «እሺ» ብቻ ነበር የምትለው። ካንኩን ሲባል እሺ፣ ማልዲቭስ ሲባል እሺ፣ ላንጋኖ ሲባል እሺ። የገንዘቧንም ድርሻ ከሁሉ ቀድማ የላከች እሷ ናት። ስድስት ሆቴሎች ቀርበው ክርክሩ ሲከር፣ አንድ ሌሊት የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከች። በሹክሹክታ ነበር፤ ልጆቹ እንዳይነቁ።

«የባህር እይታ ያለው ክፍል ሲሏችሁ ከፊት ለፊት ነው ወይስ በጎን ነው በሉ፤ በጎን ከሆነ አንገታችሁ እስኪጣመም ካላያችሁ ባህር የለውም። ለእማዬ ምድር ቤት ጠይቁ፤ ከክፍሉ እስከ አሸዋው ስንት ደረጃ እንዳለ አስቆጥሯቸው። እዚያ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሸሽ እስከ ድንጋዩ ድረስ ደረቅ ይሆንና እግር ይቆርጣል። ስለዚህ የሚመለስበትን ሰዓት ጠይቁና ፕሮግራሙን በዚያ አድርጉ። ሁሉ ነገር ተጠቃሏል ካሏችሁ ውሃ በጠርሙስ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ መውሰጃው፣ የድግሱ ቦታ ኪራይ አብሮ መሆኑን በጽሑፍ ያዙ። ከሰል ክፍል ውስጥ አታያይዙ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ጢስ ሲሸተው ይጮኻል። ቡናው ከውጪ ይሁን። ቀብድ ስትከፍሉ ደግሞ ሰው ቢቀር ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ።»

ታላቅ እህቷ በማግሥቱ ደውላ «አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» አለቻት።

«ዛንዚባርም ማልዲቭስም ሄጃለሁ እኮ፣ እትዬ። ከሰዎቹ ጋር። ልጆቹን ይዤ።»

«መቼ ነገርሽን?»

«ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሥራ ነው የሄድኩት።»

ክፍሎቹ ተያዙ። ለወላጆቹ ምድር ቤት፣ ከፊት ለፊት ባህሩን የሚያይ። ለዱባይዋም እንዲሁ፣ ከእነሱ ቀጥሎ፤ የቨርጂኒያዋ ናት እንዲህ እንዲሆን ያለችው፣ ከዚያ መልእክት በኋላ። የስቶክሆልሙ ልጅ በአትክልቱ በኩል፣ ባህሩን የማያይ ክፍል ይሁንልኝ አለ። በዋጋ ስለሚቀንስ ነው ብለው ሁሉም አመኑ። ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ የአዲስ አበባው ልጅ በሰኔ ቃል የገባው ብር፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በዶላር ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጉድለቱን ማን እንደሞላው በቤተሰቡ ውስጥ እስካሁን በግልጽ አይነገርም።

የጓዙን ነገር በአጭሩ። አባት 76፣ እናት 70 ዓመታቸው ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለሚጠየቅና ክትባቱ ዕድሜው ከ60 በላይ ለሆነ ሰው የሐኪም ምክር ስለሚፈልግ ወር ሙሉ በዚያ ተመላለሱ። እናት በርበሬውን፣ ቆሎውን፣ ድፎ ዳቦውን በፌስታል ጠቅልለው ከጨረሱ በኋላ፣ ኬንያ ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ፌስታል መከልከሏ ተነገራቸው። ሌሊቱን ሁሉ ተፈትቶ በነጠላ ቁራጭና በአገልግል ተጠቀለለ። የቨርጂኒያ ልጆች ትምህርት ቤት በጥር አይዘጋም፤ እናታቸው ለመምህሮቹ ደብዳቤ ጽፋ አንድ ሳምንት አስቀረቻቸው።

የስቶክሆልሙ ልጅ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፈውን ቅርብ መንገድ ትቶ በሌላ አየር መንገድ ዞሮ ናይሮቢ ገባ። መነሻው ላይ የትኬት ሠራተኛዋ ሰማያዊውን ሰነድ እያገላበጠች አለቃዋን ጠራች፣ አለቃዋ ሌላ አለቃ ጠራ፤ 40 ደቂቃ ቆመ። የኬንያን ፈቃድ አትሞ ባይዝ ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ከናይሮቢ አምስት ሰዓት ያህል በሚፈጀው ባቡር ሞምባሳ ወረደ። ሹፌሩ ወደ ደቡብ በሊኮኒ የመኪና ጀልባ መሻገር አሥር ደቂቃ ነው ቢለው «በየብስ የሚኬድበት መንገድ የለም?» አለ። በዶንጎ ኩንዱ አለ። «በእሱ ውሰደኝ» አለው። ይህን ቆይቶ ያወራው ሹፌሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም። የአትክልቱ በኩል ክፍል ለምን እንደተፈለገም ለታላቂቱ ያን ጊዜ ገባት።

እናት ሆቴሉ በር ላይ ከሰዓት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። ከመኪናው ሲወርድ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ፀጉርህ የት ሄደ?» አሉት።

እሁድ ጠዋት ባህሩ ሸሽቶ ነበርና እንደ ተመከረው እስኪመለስ ጠበቁ። አባት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ እናት 50 ዓመት ሣጥን ውስጥ የከረመውን የፒያሳ ባርኔጣ አድርገው ወጡ። ጠርዙ ተበልቷል። አባት ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። «ጨው ነው» አሉ፣ ሌላ ሰው ያልነገራቸውን ነገር እንዳገኙ ሁሉ። ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፤ የልጅ ልጆች ፎቶግራፍ አነሱ። የስቶክሆልሙ ልጅ ከዘንባባው ሥር፣ አሸዋው ከሚጀምርበት መለስ ብሎ ቆሞ ያይ ነበር። እናት ዞረው አዩትና ባልየውን ውሃ ውስጥ ትተው ወጡ። ሄደው አጠገቡ ቆሙ። ቡናው ከዘንባባው ሥር እንዲፈላ ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ ነፋሱ ጢሱን ወዲያና ወዲህ ቢመታውም ሦስቱም እስከ በረካ እዚያው ተጠጣ።

የዱባይዋ ልጅ አልመጣችም።

በሕጉ መሠረት በዓመት 30 ቀን ዕረፍት አላት፤ ቀኑን የሚወስነው ግን አሠሪው ነው። የአሠሪዋ ቤተሰብ በጥር ወር አዲስ ልጅ ስለሚወለድ ዕረፍቷ ወደ በጋ ተዛውሮ ነበር። ይህን ያወቀችው በኅዳር ሲሆን፣ ለቤተሰቧ የነገረችው ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ቀድማ ብትናገር ቀኑን እንዳይለውጡት፣ የወንድሟም ፈቃድ እንዳይበላሽ ፈርታ ነው አሉ። ስድስት ወር ሙሉ የየአገሩ ወረቀት ሲመረመር፣ ማን ይገባል ማን አይገባም ሲባል፣ የእሷን ዕረፍት ማን እንደሚፈቅድ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሺ ትል ስለነበር።

የክፍሉ ቀብድ አይመለስም ተባለ። ባዶ ከሚሆን የስቶክሆልሙ ይዛወርበት ቢባል እሱ አልፈለገም፤ የቨርጂኒያዋም ልጆቿን ልታስገባ አልወደደችም። እናት ቁልፉን ተቀበሉ። በየማታው ገብተው መጋረጃውን ይከፍቱና መብራቱን ያበሩ ነበር።

እሁድ ማታ ከእራት በኋላ እዚያው ክፍል ሆነው በቪዲዮ ደወሉላት። እናት ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙረው «ይኸው፣ ይህ ያንቺ ነው። አየሽው? ከፊት ለፊት ነው፤ በጎን አይደለም» አሉ። መሽቶ ስለነበር የሚታየው ጨለማና የሆቴሉ መብራት የወደቀበት ጥቂት አረፋ ብቻ ነው።

«አየሁት እማዬ። ያምራል» አለች። ከኋላዋ አራስ ልጅ ይጮህ ነበር። «ባርኔጣውን አደረግሽው?»

«አደረግሁት።»

«ነገ ውሃው የሚመለሰው ዛሬ ከተመለሰበት አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው፤ በየቀኑ እንዲያ ነው። አባዬ ቀድሞ እንዳይወጣ ንገሪው» አለችና፣ ልጁን ልታነሳ ስልኩን አስቀመጠችው።